የኮራሉ ፀሐይ

ኮራሌ እየነጣ ነበር። ላላወቀው ሰው ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ያደሩ ረቂቅ ተክሎች ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፤ ብርሃን ሲያጣ ጥለውት ይሄዳሉ፣ እሱም ነጥቶ በረሃብ ይሞታል። ጓደኛዬ ክብረት ከራሱ ኮራል ቆርጦ ሲሰጠኝ አውራ ጣቴን አያክልም ነበር። በጨው ውሃ አኳሪየም፣ በዓሦቼ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አሳድጌው ቡጢ አከለ። «ልጅ ብትወልጂ አይሻልሽም?» ያለኝን ሁሉ አኩርፌያለሁ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የአኳሪየሙን አምፖል አቃጠለው። ምትኩን ባስስ ባስስ ጠፋ። «ሳይደግስ አይጣላም፤ ፀሐይ እያለች አምፖል ምን ያደርግልኛል!» አልኩና ሳሎን መስኮቱ ሥር ጎትቼ አስቀመጥኩት። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት በጎናችን ያለው ብሎክ ይጋርደናል፤ ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ትገባለች።

ኮራሉ ግን ባሰበት። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ፣ በየቀኑ ይነጣል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ለክብረት ደወልኩ። «ና ውሰደው። እኔ ጋ ከሚሞት አንተ ጋ ይኑር።» ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሊወስደው በቀጠርነው ቀን፣ ልሰናበተው ብዬ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት መጣሁ። አኳሪየሙ ከላይ እስከ ታች ጋቢ ለብሷል። አጠገቡ የባለቤቴ አባት፣ አባባ ዋቅጅራ፣ ተቀምጠዋል። ከፉሪ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ዓሦቹን የሚያበሉልኝ እሳቸው ናቸው።

«አባባ! ይሄ ምንድነው?»

«ቀስ በይ የኔ ልጅ። አሁን ምሳቸውን አበላኋቸው። በልተው ፀሐይ ላይ ከዋሉ ምች ይመታቸዋል።»

«በየቀኑ ነው የሚያለብሷቸው?»

«ታዲያስ! አንቺ ሥራ ስትውዪ ማን ይጠብቃቸዋል? ፀሐይዋ ዘወር ስትል እገልጥላቸዋለሁ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ለካ ፀሐይዋ አላነሰችውም፤ ጭራሽ አይቷት አያውቅም! ሳቄ አመለጠኝ። የሆነ ድንጋይ ከደረቴ ላይ የተነሣልኝ መሰለኝ። እየሳቅሁ ጋቢውን ገፈፍኩ፤ እየሳቅሁ የኮራሉ ምግብ ብርሃን መሆኑን፣ ክብረትም ሊወስደው እንደሚመጣ ነገርኳቸው።

አባባ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በመስታወቱ አዩት።

«ሌሎቹን እያጠገብኩ እሱን ጦሙን ያዋልኩት እኔ ነኛ» አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ሞተ?»

«አልሞተም አባባ። ይዩት፣ ጫፎቹ ይንቀሳቀሳሉ።»

ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡና መስኮቱን እንዳይጋርዱ ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

በሩ ሲንኳኳ አባባ ቀደሙኝ። ክብረት ባልዲ ይዞ ቆሟል።

«ግባ ልጄ፣ እንጀራ አለ» አሉት። «እሱን ግን ከምሳው ላይ አታስነሣውም።»