ለባላባቱ የተጨበጨበ ዕለት

በመስከረም 1971 ዓ.ም፣ በአብዮት በዓል ሰሞን፣ አሰላ ውስጥ ከአሳምነው የበለጠ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። አሳምነው የአማርኛ መምህር ነው፤ የከተማው የኪነት ቡድን ኃላፊም እሱው ነው። በአዳራሹ መግቢያ ላይ ከየወረዳው የመጣ የስንዴ ነዶ፣ የዲክሲስ ሸክላና የተማሪዎች ሥዕል ለእይታ ተደርድሯል። ውስጥ ደግሞ እሱ ስለ ባላባትና ጢሰኛ የጻፈው ቲያትር ሊታይ ነው።

ባላባቱን የሚጫወተው ከዲሮ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አባቱ በጢሰኝነት ኖረው ያለፉ ሰው ናቸውና፣ የባላባትን አቀማመጥና ጉሮሮ አጠራረግ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በልምምድ ጊዜ ቡድኑ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ካድሬዎቹ ከፊት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሕዝቡ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተጨናነቀ። አሳምነው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ቃል በቃል ይከታተላል። ጢሰኛው፣ «ጌታዬ፣ ጊዜው እኮ ተለወጠ!» አለ።

ከዲሮ ካባውን ሰብሰብ፣ ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና፣ «ጊዜ ቢለወጥም ወንበሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው ተቀማጩ ብቻ!» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። የሰዉ ዐይን ግን መድረኩ ላይ አልነበረም፤ የፊተኞቹን ወንበሮች ነው የሚያየው። አሳምነው ከመጋረጃው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ይህችን ቃል ከሁለት ቀን በፊት ሲጨምራት ባላባቱን ያዋረደ መስሎት ነበር እንጂ እንዲህ ትተረጎማለች ብሎ አላሰበም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ጓድ ኃይለየሱስ ዘንድ ተጠሩ።

«ሕዝቡ ለአድኃሪ የሚያጨበጭበው ለምንድን ነው? ያቺን የወንበር ነገር ማን ነው የጻፋት? ለቢሮው በገባው ጽሑፍ ላይ የለችም!»

ባለፈው ዓመት ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱ ሁለት መምህራን አሳምነው ፊት ላይ ድቅን አሉበት። «እኔ... አልጻፍኳትም» አለ። «እዚያው መድረክ ላይ የመጣች ናት።»

ኃይለየሱስ ወደ ከዲሮ ዞረ። ከዲሮ አሳምነውን አንድ ጊዜ አየውና፣ «አዎ ጓድ፣ ከአፌ አመለጠችኝ» አለ። ከዲሮን እዚያው አስረው አስቀሩት፤ አሳምነውን አሰናበቱት።

አሳምነው ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቶ ጠመኔ ይዞ ይቆማል፤ ምን ሊጽፍ እንደነበር ይጠፋበታል። ኮቴ በሰማ ቁጥር ወደ በሩ ይዞራል። የከዲሮ ሚስት ዘሀራ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ካየ መንገድ ይቀይራል። በአራተኛው ቀን ግን ፊት ለፊት ገጠመችው።

«ጋሽ አሳምነው፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እባክዎ ይለምኑልን» አለችው።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በቆመበት ዞሮ ወደ ኃይለየሱስ ቢሮ ሄደ።

«ቃሏን የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

ኃይለየሱስ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ስማ፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። አሁን ሌላ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ፣ መጀመሪያ ለምን ዋሸህ የምባለው እኔ ነኝ።» ሲጋራ ሊያቀጣጥል ሞከረ፤ ክብሪቱ ሁለቴ ጠፋበት። «ውጣ። አልመጣህም፣ አልሰማሁህም።»

ከዲሮ ሁለተኛ መድረክ ላይ እንዳይወጣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተፈታ። አሳምነው ሱቁ ሲሄድ፣ ከስቶ፣ ኮት ሲጠቅም አገኘው።

«የእኔ ናት ብዬ ሄጄ ነበር፤ አልተቀበሉኝም። ግን ያን ዕለት...»

«ያን ዕለት ፈራህ» አለ ከዲሮ ክሩን በጥርሱ በጥሶ። «አልፈርድብህም፤ አንተን ቢይዙህ አይለቁህም ነበር። እኔን ልብስ ሰፊ ምን ያውቃል ብለው ተዉኝ። ቀድመህ ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር። አልጠየቅከኝም።»

ከዲሮ መርፌው ላይ አዲስ ክር ሰካ።

«አሁን ሂድ። ልቤ ሲበርድ ራሴ እመጣለሁ።»

አሳምነው ከዚያ በኋላም በዚያ መንገድ ማለፉን አልተወም፤ ሁልጊዜ ከሩቅ ሰላም ይላል፤ ከዲሮም አንዳንድ ቀን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይመልስለታል። ከዲሮ የአሳምነውን በር ያንኳኳው የካቲት ከገባ በኋላ ነው።