ለተከበሩ ምላጭ

ልጅቷ የምትተዳደረው በሰው ስድብ ነው። አንድ የዜና ድረ ገጽ ቀጥሯት፣ ከየዜናው ሥር የሚዘንበውን አስተያየት እያነበበች ደኅናውን «ይለፍ»፣ ነውረኛውን «ይጥፋ» ትላለች። ጠዋት ገብታ ኮምፒዩተሯን ስትከፍት ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ ምላሱን ሲስል አድሮ ይጠብቃታል። መጀመሪያ አካባቢ አንዳንዱን ስታነብ ፊቷ ይቀላ ነበር። አሁን ግን የስድብ ቅመም ለይታ የምታውቅ ባለሙያ ሆናለች፤ «ይሄ እንኳን ሰነፍ ስድብ ነው፣ ከትናንትናው ገልብጦት ነው» እያለች ታጠፋለች።

ምርጫው ሲቃረብ ድረ ገጹ አንድ ጥያቄ ለጠፈ፦ «ዘንድሮ ድምፅ ይሰጣሉ? ለምን?» ከመለሱት ሁሉ ጎልቶ የወጣው ራሱን «ምላጭ» ብሎ የሰየመ ሰው ነበር። «ድምፅ የሚሰጠው ሥራ የፈታ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የወደደለት ሰው ብዛት፣ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ወንበር ያስይዘው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷም በልቧ አጨብጭባለታለች። ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። የምርጫ ቀን ለእሷ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። «ሰው ሁሉ በነፃ የሚረጨውን ድምፅ ሳነብ ውዬ፣ ማታ ደግሞ የራሴን ልጨምር?» ትላለች፣ የጠየቃት ካለ።

ከሰዓት በኋላ ከምላጭ ጽሑፍ ሥር ይህ መጣ፦

«ለተከበሩ ምላጭ። ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ሥራ የፈታ ያሉት ሰው እኔ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እውነትም ሥራ የለኝም። ሥራ በነበረኝ ጊዜ፣ በውትድርና ዘመኔ ሁሉ፣ ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተነሥ ሲሉኝ ተነሣሁ፣ ተኩስ ሲሉኝ ተኮስኩ። ሾርባው ጨው ይነሰው ይብዛው እንኳ ያለኝ የለም። አሁን ግን ወረቀት ይሰጡኝና ‹ብቻዎን ይግቡ፣ ማንም አያይዎትም› ይሉኛል። ይህ ለእርስዎ ቀላል ነገር ከመሰለዎት፣ ሲጠየቁ የኖሩ ሰው ነዎት ማለት ነው፤ ደስ ይበልዎት። ከአክብሮት ጋር፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ።»

ልጅቷ መጨረሻው ላይ ሳትደርስ አወቀችው። አባቷ ናቸው።

ሃምሳ አለቃው አንድ ጆሯቸውን ለመድፍ ገብረው የመጡ ሰው ናቸው። ሬዲዮ ስለማይሰማቸው ወሬ የሚያገኙት ልጃቸው በገዛችላቸው ስልክ ነው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያነባሉ። ገና ስልኩን ስትሰጣቸው አስጠንቅቃቸው ነበር።

«አባዬ፣ ዜናውን አንብብ። ከታች ያለው አስተያየት ግን ጉድጓድ ነው፣ አትግባበት።»

«አንቺ ነሽ እኔን ስለ ጉድጓድ የምታስተምሪኝ?» አሏት። «ምሽግ ውስጥ ጥርሴን የነቀልኩትን ሰውዬ?»

ይኸው ገቡበት። እሷም «ይለፍ» አለችና ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ምላጭ ወዲያው መለሰ፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ለዚህች ስንት ተከፈለህ?»

ሃምሳ አለቃውም፦ «ለተከበሩ ምላጭ። የጡረታዬን መጠን ማለትዎ ከሆነ፣ ብነግርዎት ያዝኑልኛል። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

ከዚያ በኋላ ገጹ እንደ ገበያ ተተራመሰ። ምላጭ «አንተ» ባለ ቁጥር ሃምሳ አለቃው «እርስዎ» ይላሉ። ሌላው መጥቶ «ደደብ» ይላቸዋል፤ «ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ፣ ምናልባት እውነትዎን ሊሆን ይችላል» ይሉታል። ሕዝቡ ስድብ ለምዷል፤ አክብሮት ግን አስደነገጠው። «ይሄ ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው» የሚል ጥቆማ በላይ በላዩ መጣ። ሲመሽ የልጅቷ ኮምፒዩተር ከአባቷ ስም አጠገብ ቀይ ምልክት አበራ፦ «ሐሰተኛ አካውንት ሳይሆን አይቀርም።»

ዋና አዘጋጁ ሻዩን እንደያዘ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«እስካሁን አልዘጋሽውም?»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም። እሱ አይደል ችግሩ። ‹አንተ ደደብ› ሲሉት ‹እርስዎ› የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሚስቴን እንኳ እንደዚያ አክብሬ አላናገርኳትም። ማሽን ነው። ጨርሶ ይጥፋ፣ የጻፈውም ሁሉ።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። «ይጥፋ» ለማለት ትንሽ ንክኪ ይበቃል፤ በቀን ስንቴ የምትነካው ነው። አባቷ ነገ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ሲከፍቱ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተናገሩት ነገር ጠፍቶ ይጠብቃቸዋል። «ምን ጥፋት ሠራሁ?» ብለው የሚጠይቁት ደግሞ እሷን ነው። «አባቴ ነው» ብትልስ? በቢሮው ደንብ ዘመዱን የደገፈ ሠራተኛ ወንበሩን ያስረክባል። እሷም ደግሞ በዚህ ክፍል የምትታወቀው በምንም ነገር በማታምን ምላሷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቀችበት የመራጮች ሰልፍ ውስጥ አባቷ ቆመው ተገኙ።

«አባቴ ነው» አለች።

ዋና አዘጋጁ ሻዩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«አትቀልጂ።»

«ደውልለት። ጮክ ብለህ ተናገር፣ አንድ ጆሮው አይሰማም።»

ሰውየው ተንኮለኛ ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ ደወለና፣ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ፣ ሆን ብሎ በ«አንተ» ጀመረ።

«ሄሎ። ሃምሳ አለቃ ነኝ እያልክ የምትጽፈው አንተ ነህ?»

«አቤት፣ እኔ ነኝ። ይቆዩኝ፣ በደኅናው ጆሮዬ ልያዝዎት። እሺ። ማን ልበል?»

«ከድረ ገጹ ነው። ሰዎች ማሽን ነህ እያሉ ነው።»

«ማሽን?» አሉ ሃምሳ አለቃው፤ ትንሽ አሰቡ። «ጉልበቴን አይተው እንዳይሆን። ስነሣ ይንቋቋል።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እሺ፣ ለምንድነው ታዲያ የሚሰድቡህን ሰዎች አንቱ የምትለው?»

«ምን ልበላቸው? አንተ የሚባለው እኮ የሚወደድ ሰው ነው። ልጄ አንተ ትለኛለች፣ እኔው ነኝ ያስለመድኳት። አብረውኝ የተዋጉትን አንተ እል ነበር፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ምላጭ የሚባሉትን ሰውዬ ግን ገና አልተዋወቅንም። ከየት አምጥቼ ነው አንተ የምላቸው? እስቲ ትንሽ እንላመድ።»

ዋና አዘጋጁ ሳይታወቀው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እርስዎም» ቀጠሉ ሃምሳ አለቃው፣ «አንተ ስላሉኝ ደስ ብሎኛል። ቀረቡኝ ማለት ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አለ ሰውየው። ስልኩን ዘግቶ፣ በልጅቷ ትከሻ ላይ አጎንብሶ፣ በገዛ ጣቱ «ይለፍ»ን ተጫነ። «አንቺ አልነካሽውም፤ ደንቡ ደንብ ነው» አላትና ሻዩን ረስቶ ሄደ። ልጅቷ ኩራቷን የምትደብቅበት ስላጣች የአባቷን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ አነበበችው፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል በትክክል የተጻፈ ፊደል ያለው የእሳቸው ብቻ ነበር።

የምርጫው ዕለት የትርፍ ሰዓት ሥራውን ለባልደረባዋ ለቅቃ አባቷን ተከትላ ሄደች። ምርጫው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሰልፉ የግቢውን አጥር ዞሮ እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል። አስተናባሪዋ «አባት፣ እርስዎ ወደ ፊት ይለፉ» ብትላቸው «ተራዬን እጠብቃለሁ፣ መሰለፉ ደስ ይለኛል» አሉ። ቆመው ግራ ቀኙን ሲያማትሩ ልጅቷ ታዘበቻቸው።

«ማንን ነው የምትፈልገው፣ አባዬ?»

«ምላጭ የሚባሉትን። ከመጡ ሰላም ልላቸው ብዬ ነው።»

«እሱ ድምፅ አይሰጥም እኮ።»

«ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል፣ ምን ይታወቃል?» አሉና፣ እንደ ማንኛውም ጆሮው እንደማይሰማ ሰው፣ ጮክ ብለው ሰልፉን ጠየቁ። «ምላጭ የሚባሉ ሰው እዚህ አሉ?»

ሰልፉ አንገቱን አዞረ። ገጹን ያላነበበ ሰው አልነበረም መሰል፣ አንድ ጎረምሳ እየሳቀ «አቤት፣ እኔ ነኝ» አለ። ሃምሳ አለቃው ሄደው እጁን ጨበጡት። ወዲያው ከኋላ አንዲት ነርስ ከነጋውኗ እጇን አወጣች። «ምላጭስ እኔ ነኝ።» እሷንም ጨበጧት። ከዚያ አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ከዚያ ዣንጥላ የያዙ ባልቴት፤ ሁሉም ምላጭ ሆኑ። እሳቸውም ለሁሉም ባርኔጣቸውን እያነሱ «እንደምን አደሩ» እያሉ ሰልፉን እስከ ዳቦ ቤቱ ወረዱት። ልጅቷ ተራቸውን ይዛ ቆመች፤ «የማን አባት ናቸው?» ሲባል በሰማች ቁጥር እጇን እያወጣች።

ተመልሰው አጠገቧ ሲቆሙ ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር።

«ይኸውልሽ» አሏት። «እኔ አንድ ሰው መስለውኝ። ለካ ብዙ ናቸው፤ ደግሞ ሁሉም ጨዋዎች።»