የቀጮ ቀኝ ጭን

ሁሉም ጋሼ የሚሉት የጽዳት ሠራተኛ የነርሶች ማሠልጠኛውን የአናቶሚ ክፍል መጥረግ ከጀመረ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጮን ከአቧራ መጠበቅም የሱ ሥራ ነው። ቀጮ ማለት ከማቆሚያው ላይ የተሰቀለው የፕላስቲክ አጽም ነው፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። የክፍሉ በር ስስ በመሆኑ ጋሼ መወልወያውን ተደግፎ በየዓመቱ ያንኑ ትምህርት ሲሰማ ኖሯል። የጭን አጥንት ክብ ራሱ የዳሌ ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ብሎ ሲገባ ባየ ቁጥር፣ «እኔ ሦስት ብሎን የምጨርስበትን አንተ ያለ ብሎን ገጠምከው» ይላል በልቡ ለፈጣሪው።

ታናሽ እህቱ በአርባ አንድ ዓመቷ ነርስ ልሁን ብላ እዚሁ ገባች። የዳሌና የእግርን የቃል ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛው ውድቀት ስንብት ነው። ስለዚህ ጋሼ ቤት ሲገባ ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን በርጩማ ላይ ያሰጣላታል።

«ይሄስ?»

«የጉልበት ሎሚ።»

«ከሱ በታች?»

«ቅልጥም። ጋሼ፣ እግርህን ታጥበሃል ግን?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ። የጭን አጥንት ግራና ቀኙ በምን ይለያል?»

«ክብ ራሱ ወደ ውስጥ፣ ሻካራው መስመር ወደ ኋላ።»

«ሌላው ሁሉ ቢጠፋሽ ይቺን እንዳትረሺ።»

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን የቀጮ ጉልበት ሽቦ ዝጎ አየው። ሳይታዘዝ ሁለቱን ጭኖች አወረደ፣ በሳሙና አጠበ፣ እንዳይምታታበት በቀኙ ላይ ቀይ ክር አሰረ። ከዚያ ከቀጮ ፊት ለፊት ቆመና ባለ ክሩን በገዛ ራሱ ቀኝ በኩል ሰቀለው። ሌላውንም በግራው። ክብ ራሶቹ ጉድጓዳቸውን አገኙ። በአዲስ ሽቦ ቅልጥሞቹን አያያዘ፣ ክሩንም በመቀስ ቆርጦ ተመስገን ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት አምስት ተማሪዎች ገብተው እየሳቁ ወጡ። ስድስተኛዋ እህቱ ነበረች። ጋሼ ደጃፉን ለአራተኛ ጊዜ ይወለውል ጀመር።

«ይህ የጭን አጥንት የየትኛው እግር ነው?» አለች መምህርቷ።

እህቱ አጥንቱን ዳበሰች።

«የግራ።»

«በየት በኩል ነው የተሰቀለው?»

«በቀኝ።»

«ታዲያ?»

«የጠየቁኝ አጥንቱን ነዋ። ሻካራው መስመር ከፊት ነው የመጣብኝ።»

«ጭኑ ወደ ኋላ የዞረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁን እያየሁት ነው። አዝኜለታለሁ።»

«የመጨረሻ ዕድልሽ ነው። ታርሚዋለሽ ወይስ ልጻፈው?»

ጋሼ መወልወያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አደረገና ቀኝ እጁን አነሣ። የሱ ቀኝ ለቀጮ ግራው ነበር። በሩ ላይ፣ «ያለ ፈቃድ የመማሪያ ዕቃ የነካ ሠራተኛ ወደ ልብስ ማጠቢያ ይዛወራል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የለጠፈው ራሱ ነው። ልብስ ማጠቢያው ደግሞ ሌላ ግቢ ነው፤ ከማሽን ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

«ይጻፉት» አለች እህቱ።

ጋሼ በሩን ከፈተ። «ይቅርታ መምህርት። እሷ ልክ ናት። ጭኖቹን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ።»

መምህርቷ መነጽሯን አደረገች፣ ቀጮን ከፊት ዳበሰችው፣ ከኋላ ዳበሰችው፣ መነጽሯን አወለቀች።

«እርስዎ ደግሞ በምን አወቁ?»

«በሩ ስስ ነው።»

«እነዚያን አምስቱን ይጥሩልኝ፤ እንደገና ይፈተናሉ» አለች መምህርቷ።

አምስቱ ተመለሱ። አሁን የሚስቅ አልነበረም፤ ሁለቱ በኋላ ጋሼን ሰላም ማለት አቆሙ። እህቱ አለፈች። የዝውውር ደብዳቤው ሰኞ ደረሰ፤ ሕግ ሕግ ነው። ከመሄዱ በፊት ቀጮን እንዲያስተካክል ታዘዘ። እህቱ የቀጮን እግር ያዘችለት፣ ጋሼ ከበስተኋላ ዞሮ ቆመ።

«ወደ ቀኝ፣ ጋሼ።»

«የማን ቀኝ?»

«የሱ።»

በሳምንቱ ልብስ ሲያጥብ ውሎ ጆሮው እየጮኸ ቤት ገባ። እህቱ ደብተሯን ከፍታ ትጠብቀዋለች።

«ተቀመጥ፣ እጅጌህንም ጠቅልል» አለችው። «ክንድ ጀምረናል። ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።»