እመቤታችን በመዳብ ላይ

ሰይፈሥላሴ በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ ነው የሚኖረው፤ እጁ ግን ለመሪ ብቻ አልተፈጠረም። ከሥራ ሲወጣ ኮሌጅ እየሄደ፣ የድሮ ፈረንጆች ቅዱሳንን መዳብ ላይ ቀርጸው በወረቀት ያትሙበት የነበረውን ሙያ ይማራል። ምን አስጨነቀው ትሉ ይሆናል። እናቱ እትዬ አምሳለ ዓይናቸው በግላኮማ እየጠፋ ነው። ከአገር ይዘዋት የመጡት የእመቤታችን ሥዕል ፊቷ አልታይ ካላቸው ሰነበተ። ልጅየው ታዲያ ብርሃናቸው ሳያልቅ በትልቁ፣ በጥቁር ቀለም፣ ጉልህ አድርጎ ሊያሳያቸው ቆርጧል።

አስተማሪው ነግሮት ነበር። እነዚያ የድሮ ፈረንጆች፣ የአንትወርፕ ከተማ ቀራጮች፣ ንድፉን በግንባሩ መዳቡ ላይ ይደፉታል፤ ማተም ግራና ቀኝን ስለሚያገላብጥ፣ ቀድሞ የተገለበጠው ሲታተም ይቃናል። ሰይፈሥላሴም ገብቶታል፣ ሞኝ አይደለም። ግን ወረቀቱን አንስቶ ሊደፋት ሲል እጁ እምቢ አለው። እመቤታችንን በግንባሯ? እንዴት ተደርጎ! ቀና አድርጎ አስቀመጣትና መስመሯን እየተከተለ ቀረጸ። እንግዲህ እሷው ታውቃለች ብሎ መሆን አለበት።

የታተመች ዕለት ወረቀቱን ገለጥ ሲያደርገው ግራና ቀኟ ተገላብጦ አገኘው። በሥዕሉ በግራ ክንዷ የነበረውን ልጇን በቀኝ ክንዷ ታቅፋለች፤ ሕፃኑም በግራ እጁ ይባርካል። እንደገና እንዳይጀምር ወራት የፈጀ ሥራ ነው፤ እናቱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ፊቱን ከመስኮቱ ብርሃን መለየት አቅቷቸዋል።

ኢንግልዉድ ቤታቸው ሲደርስ ወረቀቱንም መዳቡንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ሚስቴክ ሠራሁ፤ ገለበጥኳት» አላቸው። ሕፃኑ በግራው እንደሚባርክም ሳይደብቅ ነገራቸው።

እትዬ አምሳለ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት። ምንም አልታያቸውም። ሰይፈሥላሴ ይህን ሲያይ የያዘውን እንባ ለቀቀው፤ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እሳቸው ወረቀቱን ሊያስቀምጡ ጠረጴዛውን ሲዳብሱ እጃቸው መዳቡ ላይ አረፈ። አዲስ የተቀረጸ መዳብ ለጣት ሻካራ ነው። የመጎናጸፊያዋን እጥፋት አገኙ፣ ግራ ክንዷን አገኙ፣ የሕፃኑን ጉልበት አለፉና የተዘረጉት ሁለት ጣቶች ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸው በቀኙ ነው እንጂ» አሉ። «ማነው በግራው ነው ያለህ?»

ልጅየው ያኔ ነው ልብ ያለው። ስላልደፋት፣ መዳቡ ላይ ሁሉም በየቦታው ነበር። የእትዬ አምሳለ ጣት ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣና ፊቷ ላይ ቆየ።

«ዓይኗን አገኘሁት» አሉ። «እያየችኝ ነው፤ በል አታልቅስ ልጄ።»