ቶኪዮ በረቡዕ ማታው በረራ

ለሕንጻው ክቡራን ነዋሪዎች በሙሉ! የቤት ቁጥር አሥራ አራት የረቡዕ ምሽት የሳውና ተራ ለዚህ ሳምንት ብቻ ክፍት መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ታውኖ።

ወረቀቱ ደረጃው ስር እንደተለጠፈ ሕንጻው ታመሰ። ታውኖ በሕንጻው የጋራ የእንፋሎት መታጠቢያ ያለውን ይህን ተራ ሚስቱ በሞተችበት ሳምንት እንኳ አላሳለፈውም። ሄልሲንኪ ውስጥ ሰው ቤቱን ያከራያል እንጂ የሳውና ተራውን አይለቅም። "አረፈ እንዴ?" አሉ ጎረቤቶቹ፤ ቀጥለውም ተራው ለማን እንደሚተላለፍ ተጠያየቁ።

የፊት ለፊቷ ፒርኮ ስታንኳኳ፣ ታውኖ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ከዚፑ ጋር ይታገል ነበር።

"አለህ እንዴ? እኔ እኮ ለቀብርህ ጥቁር ልብስ ላወጣ ነበር።"

"ቶኪዮ ልሄድ ነው።"

"በረራህ ነገ አይደል?"

"ነገ ከሄድኩ አልደርስላትም።"

ቶኪዮ የምትኖረው ልጁ ሱቪ አርብ ቀትር ላይ የልብ ቀዶ ሕክምና አላት። ሳትገቢ እጅሽን እይዛለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ከዓመታት በፊት ሲሄድ በረራው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ስለፈጀ፣ ሐሙስ ማታ ተነስቶ አርብ ጠዋት እንደሚደርስ እርግጠኛ ነበር። ቲኬቱ ላይ የመድረሻ ሰዓት ተጽፏል፤ ግን የሚያውቀውን ነገር ማን ያነባል? ያነበበው ዛሬ ጠዋት ነው፤ በቶኪዮ ሰዓት አርብ ከቀትር በኋላ ይላል።

"በረራው አሥራ ሦስት ሰዓት ሆኗል" አላት።

"ምነው፣ ቶኪዮ ሸሸች?"

"የሩሲያ ሰማይ ተዘግቷል። በሰሜን ዋልታ ዞሮ ነው የሚሄደው።"

"አንተ ሰውዬ! ስለ ጦርነቱ ከቴሌቪዥን ጋር ስትጨቃጨቅ የምትውለው አንተ! አውሮፕላኑ በየት በኩል ያልፋል ብለህ ነው?"

"እሱን አላሰብኩም። ሳውናውን ነው ያሰብኩት።"

ሱቪ "ረቡዕ ብትነሳ?" ብላው ነበር። የረቡዕ ተራው እንዳያመልጠው "ሐሙስ ይበቃል" ብሎ የመለሰላት እሱ ነው። ፒርኮ ሌላ ቀልድ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ሻንጣው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለችና ዚፑ ተዘጋ።

አውሮፕላን ማረፊያ ያለችው ሠራተኛ "የዛሬው ሞልቷል፤ የሚቀር ሰው ካለ እንጠራዎታለን" አለችው። ሁሉም ሰው ሰዓት በሚያከብርበት አገር የሚቀር ሰው መጠበቅ! ታውኖ ተሳፋሪ በመጣ ቁጥር ጠላው፤ ሕፃን ያቀፈችውን እናት ሳይቀር። ሰልፉ አለቀ። አሁንም ስሙን የጠራ የለም።

"አቶ ታውኖ! አንድ ወንበር አለ። ግን መጨረሻው ረድፍ፣ መሃል ላይ ነው። ለእግርዎ አይመችም።"

"እግሬን ማን ጠየቀው?"

ስልኩ ጮኸ። ሱቪ ነበረች።

"አባዬ፣ ነገ ነው አይደል የምትነሳው?"

"አሁን ልገባ ነው።"

"አሁን?" ድምጿ ቀጠነ። "ሐኪሙ ደወለልህ? የደበቃችሁኝ ነገር አለ?"

"ማንም አልደወለም። ደህና ነሽ።"

"ሐሙስ ይበቃል አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ምን ተገኘ?"

"አልነግርሽም።"