የስምንተኛ ፎቅ አየር

እውነቱን ልናገርና፣ ዘንድሮ የመግቢያችን ሰው በሙሉ በብርድ የተንቀጠቀጠው በእኔ ቅናት ነው። ሰዎቹ ቁጠባ መስሏቸው ነበር። "ራይና እጇ አይፈታም" እያሉ ሲያሙኝ ደረጃው ላይ ሰምቻለሁ። ይበሉ፤ ቀናተኛ ከመባል ቋጣሪ መባል ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።

እኛ በከሰል ማውጫዋ ከተማ በፔርኒክ ውስጥ፣ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ በአንድ መግቢያ የምንወጣና የምንገባ ሃያ አራት ቤቶች ነን። ብርድ ሲጀምር ከከተማው በቧንቧ የሚመጣው ማሞቂያ እንዲለቀቅልን ከሃያ አራቱ አሥራ ስድስቱ መፈረም አለባቸው። የመግቢያው ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ቤት፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነው የሚቆየው። በጥቅምት መጀመሪያ አሥራ አምስት ሰው ፈርሞ ነበር። ሌሎቹ ስምንቱ ሰው የሌለባቸው ቤቶች ስለሆኑ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

ያልፈረምኩት በባሌ በቦጎሚል ምክንያት ነው። ቦጎሚል ከሰል ማውጫው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማሞቂያው በተለቀቀ ቀን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው የብረት ማሞቂያ፣ በራዲያተሩ ውስጥ የተጠራቀመው አየር ካልወጣ ሙቁ ውኃ አይዞርም፤ ቧንቧው ሲያንኳኳ ይውላል፣ ብረቱም ግማሹ እንደቀዘቀዘ ይቀራል። አየሩን የምታስወጣዋ ትንሽ የናስ ቁልፍ ደግሞ ያለችው እሱ ጋ ነው። ማንም ሳይጠራው ቁልፏን ይዞ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች በየቤቱ ይዞራል። አንዱ ቤት አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው።

ስምንተኛ ፎቅ ግን አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቪዮሌታ ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቦጎሚልም አንድ ሰዓት የጀመረው ያኔ ነው። በዕድሜ በአምስት ዓመት ታንሰኛለች፣ አንገቷ ላይ በበጋም በክረምትም ሻርፕ አይጠፋም፣ ሰውን ሁሉ አቆላምጣ ነው የምትጠራው። እኔን ጭምር "ራይናዬ" ትለኛለች።

"አየር የሚጠራቀመው ከላይ ነው" ይለኛል ቦጎሚል። እሺ፣ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህን ለማወቅ ከሰል ማውጫ መግባት አያስፈልግም። ግን አየር ለማስወጣት ጢም ይላጫል ወይ? በሳምንት አንዴ እንኳ ለምኜው የሚላጭ ሰው፣ ያን ቀን ጠዋት ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ ነው ሊፍት የሚጠራው። ሲመለስ ዱባና ቀረፋ ይሸተኛል። እራት ሳቀርብለት "አልራበኝም" ይላል። እንግዲህ ይሄ ሰው፣ በተጋባን በሁለተኛው ወር የዱባ ባኒጻ፣ በስስ ሊጥ የሚጠቀለለውን ኬክ፣ ጋግሬ ባቀርብለት "ዱባ የአሳማ ምግብ ነው" ያለኝ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤቴ ዱባ አልገባም።

የሁሉንም ቤት ጨርሶ ወደራሳችን ሲመጣ ደግሞ ደክሞታል። "የኛን ነገ" ይላል፤ ያ ነገ መጥቶ አያውቅም። የመኝታ ቤታችን ራዲያተር ላይኛው ግማሹ ስድስት ዓመት ሙሉ በረዶ ነው። እኔ በካልሲ ተኝቼ ሳነጋ ቪዮሌታ በስስ የሌሊት ልብስ ቤቷ ውስጥ ስትንሸራሸር ይታየኛል። በዚህ ምክንያት ነው እጄ ብዕር አልጨብጥ ያለው።

ዘንድሮ ብርዱ ቸኮለ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሽማግሌው ኮስታ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ በራፌን በከዘራው ደበደበው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ትፈርሚያለሽ ወይስ የቀብሬ አበባ ላይ ነው የምትፈርሚው?"

"የቅዱስ ዲሚታር ቀን ይለፍ። አባቶቻችንም ከዲሚታር በፊት እሳት አያነዱም ነበር።"

"አባቶቻችን ምድጃ ነበራቸው! እኔ ያለችኝ ድመት ናት። እሷም ትናንት ጥላኝ ጌርጋና ቤት ገባች።"

"ጌርጋና ቤት ይሞቃል እንዴ?"

"የት ይሞቃል! ግን ሕፃን አለ። ሕፃኑ ላይ ተለጥፋ ትተኛለች። እኔ ማን ላይ ልለጠፍ? አንቺ ላይ?"

"ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ!" ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ደረጃውን እያጉረመረመ ወረደ።

በማግስቱ ያችኑ ጌርጋናን ሊፍት ውስጥ አገኘኋት። አምስተኛ ፎቅ ናት፣ ልጅ እግር እናት። ለሕፃኑ የሱፍ ቆብ አድርጋለታለች፤ ከብርዱ የተነሳ ቤት ውስጥም አታወልቅለትም።

"እትዬ ራይና፣ ስንት ፊርማ ቀረ?"

"አንድ።"

"የማን?"

"አንድ ሰው አለ፤ ስፈልገው አይገኝም" አልኳት።

ውሸትም አይደል። ሕፃኑ አነጠሰ። አፍንጫው ቀልቷል፤ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ሊፍቱ ሦስተኛ እስኪደርስ ጊዜው ረዘመብኝ። እቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ነቅዬ ፈረምኩ። አፍሬ ነበር።

ፊርማው ሳይደርቅ ግን ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ማሞቂያው ይለቀቅ፣ ቦጎሚል ግን አይኑር። ወረቀቱን ራሴ ወስጄ አስገባሁ፤ ረቡዕ ዕለት ደውለው "ነገ ጠዋት ይለቀቅላችኋል" አሉኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

"ነገ መንደር፣ እህትህ ጋ ሂድና ለክረምት በጨው ውኃ የምንዘፈዝፈውን ጥቅል ጎመን አምጣ" አልኩት ቦጎሚልን።

"ጎመን ገና ውርጭ ሳይመታው?"

"ዘንድሮ መትቶታል። ዐይንህ የት ነው ያለው?"

ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። "እኔ ሳልኖር ማሞቂያው ቢለቀቅስ?"

"ማን ፈርሞ ነው የሚለቀቀው?"

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አልተላጨም። ዞር ሲል ማስታወቂያውን ሊፍቱ በር ላይ ለጠፍኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ቧንቧው መንኳኳት ጀመረ። የናስ ቁልፏን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ መቼም ልደብቅ አልችልም፣ ፀጉሬንም አበጠርኩ። ከዚያ ስምንተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ቪዮሌታ ሳልደውል ከፈተችልኝ። የሊፍቱን ድምፅ ስትጠብቅ ነበር። የጆሮ ጌጥ አድርጋለች። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ።

"ውይ፣ ራይናዬ! ቦጎሚልን አመመው እንዴ?"

"ደህና ነው። ጎመን ሊያመጣ ሄዷል። ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ።"

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ። ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

ራዲያተሩ ስር ተንበረከክሁና ቁልፏን አስገብቼ አዞርኩ። ሲፍ አለ። ደግሜ አዞርኩ። ትንሿ ብሎን ተፈናጥራ ወጣችና ጥቁር ውኃ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ ያበጠርኩትን ፀጉሬን አለበሰው። በአውራ ጣቴ ደፈንኩት፤ በጣቴ ዙሪያ ወጣ። የማረኝ ውኃው ገና ለብ ያለ መሆኑ ብቻ ነው።

"ጣትሽን አታንሺ" አለች ቪዮሌታ። አልጮኸችም። ብሎኗን ከወንበሩ ስር ፈልጋ አነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ቁልፍ አውርዳ መጣች። የናስ ቁልፍ ነው፣ ከኔዋ አይለይም። አጠገቤ ተንበርክካ ብሎኗን መለሰች፣ አጠበቀች፣ ከዚያ ሩብ ያህል ብቻ አላልታ አየሩ ሲፍ ብሎ እስኪያልቅና ውኃ ጠብ እስኪል ጠበቀች። ዘጋች። እኔ ጥቁር ውኃ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ አያታለሁ።

"ትችያለሽ?" አልኳት።

"እችላለሁ።"

"ቁልፉ ከየት መጣ?"

"ቦጎሚል ሰጠኝ። በሁለተኛው ዓመት። ያስተማረኝም እሱ ነው።"

"ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?"

አልሸሸችም። ፎጣ አቀበለችኝ፤ ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣ ከዱባ ባኒጻው አንድ ቁራጭ አስጠጋችልኝ።

"ሊያወራ" አለች።

"ስለ ምን?"

"ስለ ፓምፕ።"

"ስለ ፓምፕ?"

"ስለ ፓምፕ ነው፣ ራይናዬ። የትኛው የቱ ጋ እንደተሰበረ፣ ማን ምን እንዳለ። ውኃው ጉልበታቸው ጋ ደርሶ መብራቱ ሲጠፋ እንዴት እንደወጡ። ግማሹ አይገባኝም። እኔ 'ከዚያስ?' ነው የምለው፤ እሱ ይቀጥላል። አንድ ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ይሄዳል።" ሻርፗን አስተካከለች። "ለምን እዋሽሻለሁ? በዓመት አንድ ቀን ሰው እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ ያወራል። ያን ቀን እጠብቀዋለሁ።"

ሳመኝ ብትለኝ ኖሮ የማደርገውን አውቅ ነበር። እጄም ፀጉሯም እዚያው ነበሩ። ለዚህ ግን ምን ይደረጋል? ውኃ ጉልበቱ ጋ ደርሶ እንደነበር እኔ አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አልነገረኝም። ደግሞ አልነገረኝም ማለትም አይቻልም። ስንት ጊዜ ጀምሮ "ደግሞ ያን ፓምፕህን ጀመርክ!" ብዬ አቋርጬዋለሁ። ባኒጻውን በላሁት። ለውዝ አለበት፤ ይጣፍጣል። እሱም አናደደኝ።

ከዚያ በኋላ ሰባተኛ ፎቅ ያሉት ጠሩን፤ እሷ ባለ ቁልፍ፣ እኔ ባለ ፎጣ ሆነን የሌሎቹን ቤት ጨረስን። ጌርጋና ቤት የኮስታ ድመት ሕፃኑን ትታ ራዲያተሩ ላይ ወጣች። የእኛ ቤት በራፍ ላይ ስንደርስ ግን ቪዮሌታን "በቃ፣ የኛን ተይው" አልኳት።

ቦጎሚል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎመኑን በጆንያ ተሸክሞ ገባ። እጁ ወዲያው ራዲያተሩ ላይ አረፈ።

"ተለቋል እኮ!"

"ጠዋት ነው የተለቀቀው።"

"ስምንተኛ ፎቅስ?" አለ። ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም።

"ተሠርቷል። እኔ ወጣሁ።"

"አንቺ?"

"እኔ። መጋረጃዋንም አጠብኩላት።"

ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ከጎመኑ መሐል አንድ ትልቅ ዱባ ተንከባሎ ወጣ። ሁለታችንም አየነው።

"ይሄ ለማን ነው?"

"እህቴ ሰጠችኝ።"

"ለማን ነው አልኩህ፣ ቦጎሚል። እኛ አሳማ የለንም።"

ጆሮው ቀላ። ደረጃውን ስወርድ ያዘጋጀሁት ብዙ ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ሚስማሩ ላይ ያለውን ሌላኛውን ቁልፍ አይቻለሁ።"

"ራይና፣ ምንም ነገር..."

"ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። የመኝታ ቤታችን ራዲያተር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በረዶ ነው።"

ቁልፏን አንስቶ መኝታ ቤት ገባ። ተከትዬው ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ተንበረከከና አዞረ። አየሩ ለረጅም ጊዜ ሲፍ አለ። ውኃው ጠብ ሲል ዘጋና ቁልፏን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ሊነሳ እጁን መሬት ላይ ተከለ።

"ውኃው ጉልበታችሁ ጋ የደረሰ ቀን ስንተኛው ሜትር ላይ ነበራችሁ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ምን ያደርግልሻል?"

"ልስማ።"

"ሁለት መቶ አርባ" አለ። ሦስት ሆነው እንደነበር፣ ትልቁ ፓምፕ ድምፁ ተቀይሮ እንደነበር፣ የሰማው እሱ ብቻ እንደነበር ነገረኝ። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። የተለመደውን ቃሌን እየጠበቀ ነው።

የእኔ ምላስ ላይ ግን ሌላ ቃል ነበር። የራሴ አይደለም፤ ጠዋት የሰው ቤት ሰምቼ ያመጣሁት ነው፤ ካልኩት ከየት እንዳመጣሁት ያውቃል። እንዲያም ሆኖ አልኩት።

"ከዚያስ?"

ቶሎ ብሎ አየኝ። ያልተላጨ ጢሙ ላይ የመኪናው አቧራ አለ። ጀርባውን መሞቅ የጀመረው ራዲያተር ላይ አስደግፎ መሬቱ ላይ ተደላደለ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ከዚያ መብራቱ እንዴት እንደጠፋ ነገረኝ። ጓደኛው እጁን ይዞት እንደነበር፣ ማልቀስ ጀምሮ እንደነበር ነገረኝ። ግማሹ አልገባኝም። ሰዓቱን ግን እያየሁ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው "በቃ፣ አሰለቸሁሽ" ብሎ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ቁጭ በል። ገና አሥር ደቂቃ ይቀራል። ከዚያስ?"