ከደወሉ በፊት

ዳቦው አራት ማዕዘን ሆኖ ካልተቆረጠ ልጅቷ አትበላም። እናትየዋ ጠርዙን ዙሪያውን አነሳችላት፣ እንቁላሉን ለብቻው ሰሐን ላይ አደረገች፣ ሻዩን በሁለት ብርጭቆ እያገላበጠች አቀዘቀዘች። ካልሲዎቹን ገለበጠቻቸው፤ ስፌታቸው ወደ ውጭ ሲሆን የልጅቷን ጣቶች አይቆረቁርም። ይህ የየዕለቱ ጠዋት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህም አልተለወጠም። የተለወጠው ሳሎኑ ነው። ሶፋው ተነስቶ የኪራይ ወንበር ተደርድሯል፣ ወንበሩ ላይም ገና በማለዳው ጥቁር የለበሰ ሰው ይቀመጣል።

"እንባ እኮ አላየሁባትም" አለች አንዲት ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ማንኛዋ? እናትየዋ ወይስ ልጅቷ?"

"ሁለቱም።"

እናትየዋ ሰማች። ፋርማሲስት ናት፤ ሰው በመስታወት ቀዳዳ አጎንብሶ የሚያንሾካሹክላትን በሽታ ስትሰማ ነው የምትውለው። የዚህን ያህል ሹክሹክታ አያመልጣትም። ሰሐኑን ይዛ ወደ ልጇ ክፍል ልታልፍ ስትል ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ የተሰካው ስልክ በራ።

"እህም።"

የሟቹ ድምፅ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላ ምንም አላለም። ወዲያው የትምህርት ቤት ደወል ቤቱን ሞላው።

የኪራይ ወንበሮቹ ሁሉ ተንቋቁ። ብርጭቆ ወደቀ። የሟቹ ታላቅ እህት፣ ቤቱ ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው "ወንድሜ!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ልጅቷ ከክፍሏ ወጣች። ዓይኗ ማንም ላይ ሳያርፍ በለቀስተኛው መሀል አልፋ ስልኩ ፊት ቆመች፣ ደወሉ እስኪያበቃ ጠበቀች፣ ተመልሳ ሄዳ ዳቦዋን መብላት ጀመረች።

"ምንድነው ይሄ ጉድ?" አሉ እትዬ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ። "ሐዘን ቤት ደወል ይደወላል እንዴ? እሱንስ... የእሱን ድምፅ ደግሞ ምን ብለሽ ነው የምታሰሚን?"

"ማንቂያው ነው፣ እትዬ። ራሱ የሞላው ነው።"

"ታዲያ አጥፊዋ!"

"አላጠፋውም" አለች፤ የተሰበረውን ብርጭቆ ለመልቀም ጎንበስ ብላ።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰኞ ነው። ልጅቷ እስካሁን የተማረችበት አንደኛ ደረጃ ትንሽ ግቢ ነበር፤ ደወልም የለው፣ መምህርቷ አጨብጭባ ነበር የምታስገባቸው። ኦቲዝም ምን እንደሆነ እዚያ ለማስረዳት ዓመታት ፈጅቷል። ካስረዱ በኋላ ግን ሁሉም ለምዷት፣ እሷም ሁሉን ለምዳ ትኖር ነበር። ሁለተኛ ደረጃው ሌላ ዓለም ነው። ሰፊ ግቢ፣ ፎቅ፣ በየኮሪደሩ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስመዘግቧት የሄዱ ዕለት ደወሉ ድንገት ሲጮኽ ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ፣ ዘበኛውን ገፍትራ፣ አስፋልቱ መሀል ገባች። የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬን ይዞ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ።

ርዕሰ መምህሩ ያን ጊዜ ውሃ አስመጥተው ሦስቱንም አስቀመጧቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። "ትምህርት ቤታችን ለእንዲህ ዓይነት ልጅ አልተዘጋጀም" አሉ፣ ጣቶቻቸውን አቆላልፈው።

"ችግር የለውም" አለ ባሏ። ልጅቷን ተከትሎ ሮጦ ገና ያለከልክ ነበር። "እናንተ እስክትዘጋጁ እሷ ትዘጋጃለች።"

ብዙ ተከራክሮ አንድ ዕድል ይዞ ወጣ፤ በመክፈቻው ቀን ከሌሎቹ ጋር ትሰለፍ፣ ደወሉን ተቋቁማ ክፍል ከገባች ትማራለች፤ ከግቢ ከሮጠች ግን ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ባሏ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ክፍል ኃላፊ ነበር። በሳምንቱ መቅረጫውን ይዞ ሄዶ ደወሉን ቀርጾ መጣ። መጀመሪያ ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አጫወተው። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እሱም ተከትሏት ገባ፤ ረጅም ሰው ስለነበር እግሩ ውጭ ቀረ። ብርድ ልብሱ ተነሳ፣ ቆይቶ የቁም ሣጥኑ በር ተከፈተ፣ ቆይቶ ስልኩ ሳሎን ወጣ፤ ድምፁም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። ደወሉ እየጮኸ ዳቦዋን የበላች ዕለት ወደ ፋርማሲው ደውሎ "ልጄ ለአቅመ ደወል ደረሰች!" አላት፤ ከመስታወቱ ወዲያ የቆሙት ደንበኞች ሳቁን ሰሙት።

አንድ ስህተት ግን ሠርቶ ነበር። ከደወሉ በፊት ጉሮሮውን ጠርጓል። የሌላውን ሰው ሳልና ትንፋሽ ከፕሮግራም ውስጥ እየለቀመ ሲጥል የኖረ ሰው የራሱን አልሰማውም። ቆይቶ ሲሰማው ቆርጦ ጣለው። ልጅቷ ግን አዲሱን አልቀበልም አለች። "ይሄ የውሸት ነው" ብላ ጠረጴዛ ሥር ተመለሰች። ለእሷ ደወል ማለት መጀመሪያ እህም፣ ከዚያ ጩኸት ነው። እህምን ስትሰማ ትከሻዋን አጠንክራ ትጠብቀዋለች፤ ያለእሱ የሚመጣው ያው የበፊቱ፣ አስፋልት ላይ ያስሮጣት ደወል ነው።

"ተያት፣ እህምን መልሼ አስገባዋለሁ" አለ ባሏ። "ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቀስ በቀስ አሳንሰዋለሁ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። መጥፋቱን ሳታውቀው ይጠፋል።"

"ሳታውቀው?"

"ጎበዝ የድምፅ ባለሙያ እንዲህ ነው፤ ሲወጣ አይሰማም።"

ማሳነሱን ሳይጀምር፣ ሥራ ላይ፣ በሁለት ፕሮግራም መካከል ልቡ ቆመ።

ርዕሰ መምህሩ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። "እግዜር ያጽናሽ" ብለው ሻይ ተቀበሉ፣ ስለ ሟቹ ጨዋታ አዋቂነት ጥቂት አወሩ፣ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ስለ ልጅቷ እንኳን... በዚህ ሁኔታ አንቺንም ማስጨነቅ አልፈልግም። ዘንድሮን ትረፍ። ቦታውን ለሌላ ሰጥተን ለከርሞ እናያለን።"

"ልክ ብለዋል" አሉ እትዬ ቀደም ብለው። "እኔም ስለው የነበረ ነው። ልጅቷን እኔ ዘንድ ወስጄ አቆያታለሁ። ምን ጎደለባት፣ ትብላ፣ ትጠጣ።"

ሳሎኑ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እናትየዋ የመምህሩን ብርጭቆ አንስታ ሞላችው።

"ሰኞ እንመጣለን" አለች።

"ሐዘንሽ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?" አሉ እትዬ።

"ሐዘኔ ከእኔ ጋር ይመጣል፣ እትዬ። ወንበር አይሻማ፣ ደብተር አይፈልግ።" ብርጭቆውን ለርዕሰ መምህሩ አቀበለች። "እርስዎ ለባሌ ቃል ሰጥተዋል። የሞተው እሱ ነው፤ ቃሉ አልሞተም።"

መምህሩ ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ከሬዲዮ ጣቢያ የመጣው የባሏ ረዳት ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ድምፅ ሲቆርጥ እጁ ስለማይስት መቀስ ይሉታል። ወደ ልጅቷ ክፍል ጠራችው። የሟቹን ኮምፒውተር ከፈተች።

"እህምን አውጣልኝ።"

መቀስ አላመናትም። "የአለቃን ድምፅ? እኔ?"

"መቀስ የሚሉህ ለምንድነው ታዲያ?"

"ሌላ ነገር እዘዥኝ። እንጨት ልፍለጥልሽ። መኪና ልጠብልሽ።"

"መኪና የለኝም። ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። የደወሉ ድምፅ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እንደ ትልቅ ተራራ ተዘርግቶ ታየ፤ ከፊቱ ደግሞ ትንሽ ጉብታ። "ይቺ ናት" አለ መቀስ፤ ጣቱ ጉብታዋን ሳይነካት ቆመ። እትዬ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

"የወንድሜን ድምፅ ልትቆርጡት ነው? አፈሩ ሳይደርቅ? አንጀት የለሽም እንዴ አንቺ ሴት!"

እናትየዋ ዘወር አለች። መልሷ ዝግ ያለ ነበር። "እትዬ፣ ትምህርት ቤት ያለው ደወል ጉሮሮውን አይጠርግም።"

መቀስ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ቆረጠ።

"ዋናውን ልደምስሰው?"

"እንዳትነካው። እሱ የእኔ ነው።"

መቀስ ከጣቢያው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዞ ተመለሰ። እናትየዋ ሳሎኑ መሀል አስቀመጠችው፣ ልጅቷንም ከክፍሏ ጠራቻት። ባሏ ያልደረሰበትን የመጨረሻውን ከፍታ፣ የትምህርት ቤቱን ትክክለኛ ጩኸት፣ ዛሬ ልታሰማ ነው። ጥቁር ወደለበሰው ሰው ዞረች።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አሁን በጣም ይጮኻል። ያልተመቸው በረንዳው ላይ ቢቀመጥ አይከፋኝም።"

ማንም አልተነሳም። ያችው ጎረቤት ብቻ "ዘንድሮ የማናየው የለም" ብላ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ሳበች።

ደወሉ ጮኸ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ደወሉ ሲያበቃም አልወጣችም።

"እህም የለም" አለች ከዚያ ሆና። "አባዬ አላለም።"

እናትየዋ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ቤቱ ለልጅቷ ሲነግራት የሰነበተው ሌላ ነበር፤ አባዬ ሄዷል፣ አባዬ አርፏል፣ አባዬ ከላይ ሆኖ ያይሻል። እሷም ሄደ ሲባል መመለሻውን፣ አረፈ ሲባል መነሻውን ስትጠብቅ ከርማለች።

"አባዬ ሞቷል" አለቻት እናቷ። "ከእንግዲህ እህም አይልም። ነገም አይልም፣ ሰኞም አይልም። ደወሉ ግን ይደውላል።"

ልጅቷ የጠረጴዛውን እግር በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

"አይልም" አለች።

"አይልም።"

"ድገሚው።"

እናትየዋ ልትነሳ ስትል ከኋላዋ የሚያቃስት ድምፅ ሰማች። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንድ እጃቸውን ወለሉ ላይ አስደግፈው፣ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ ጠረጴዛው ሥር እየገቡ ነበር።

"እስቲ ፈቀቅ በዪልኝ፣ ሚጡ። አባትሽ እዚህ ነበር አሉ የሚገባው? በዚያ ቁመቱ? ዕብድ!" ወደ እናትየዋ ቀና አሉ። "ምን ታፈጪብኛለሽ? ደውይው እንጂ!"

እስከ ምሽት ደወሉን እየደጋገሙ አሰሟት። ለቀስተኛው መጣ፣ "እግዜር ያጽናችሁ" አለ፣ ደነገጠ፣ ተቀመጠ። እሑድም እንዲሁ። እሑድ ማምሻውን ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ የኪራይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ ግን ከጆሮዋ አልወረደም። ከዚህ በላይ ጊዜ አልነበረም።

ሰኞ እናትየዋ ጥቁሯን እንደለበሰች ልጇን ይዛ ወጣች። የቤቱ ሰው በየመስኮቱ አየ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆች ይህን ጥቁር ልብስ አይተው መንገድ ለቀቁላት፤ እሷም በለቀቁላት መንገድ አለፈች። ዘበኛው ልጅቷን አስታወሳትና በሩን በሰውነቱ ሙሉ ሸፈነው።

"ወላጅ እዚህ ድረስ ነው" አለ።

ፈቀቅ ሲልላት ልጅቷ ብቻዋን ገባች። ካልሲዋ ተገልብጧል። እናትየዋ የአጥሩን ብረት ጨብጣ ቆመች። ልጅቷ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሌሎቹ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቆማ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት ታያለች። ርዕሰ መምህሩ ከደረጃው ላይ እሷን ያያሉ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ወደ ደወሉ መጫኛ ስትሄድ እናትየዋ ልትጮኽ ዳዳት፤ ይመጣል፣ ልጄ፣ ሊመጣ ነው። ርቀቱ አያሰማም።

የሰዓቱ ረጅሙ ዘንግ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ አገጯን ወደ አንገቷ ሳበች፣ ትከሻዋ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። እናትየዋ አልሰማችም፤ መስማትም አላስፈለጋትም፤ ያንን የባሏን ትከሻ በአንድ አልጋ ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለች። ልጅቷ ራሷ ጉሮሮዋን ጠርጋለች።

ደወሉ ጮኸ። ልጅቷ ጆሮዋን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ባለችበት ቆመች። ሲያበቃ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እሷም እጇን ከጆሮዋ ሳታወርድ ተከትላ ወደ ሕንፃው ገባች። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ፈቀቅ ብለው አሳለፏት፣ ከዚያም ወደ አጥሩ አዩ።

"ነገም እንመጣለን!" አለች እናትየዋ፤ ግቢው ሁሉ ሰማት።

የአጥሩን ብረት ለቀቀች። ዝገቱ መዳፏ ላይ ታትሟል። ደወሉ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ናት። እናትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የምትናገረው ግን አልነበራትም። ቤት ሲደርሱ "ልጄ እንዴት ዋለች?" ብሎ የሚጠይቃት ሰው የለም።